ክብደትና ፍራሽ፦ ገዘፍ ያለ ሰውነት በምን ላይ ይረፍ?

በሽንሌ ዙሪያ በተዘረጋው አሸዋማ ሜዳ ላይ የሚጓዝን ግመል እግር ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ የፊዚክስ ሕግ በዓይኑ አይቷል ማለት ይቻላል። ክብደቱ ከ400 እስከ 600 ኪሎ ግራም የሚደርሰው ይህ እንስሳ ጭነት ተሸክሞም ቢሆን አሸዋው ውስጥ አይሰምጥም። መዳፉ ሰፊና ለስላሳ በመሆኑ መሬት በረገጠ ቁጥር ይበልጥ እየተዘረጋ ክብደቱን በሰፊ ቦታ ላይ ያከፋፍለዋል። ባለ ግመሉም ቢሆን ጭነቱን በቀጥታ ጀርባው ላይ አያሳርፍም፤ አስቀድሞ ሰሌንና ንጣፍ ደራርቦ ያለብሰዋል። ይህ ባይሆን እንስሳው ይገጠባል።

ከዚያው ከሽንሌ ሳንርቅ ሁለተኛ ምሳሌ እናገኛለን። ከጅቡቲ ተነሥቶ ሽንሌን በማቋረጥ በ1902 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ድሬዳዋ የደረሰውን የቀድሞውን የባቡር መስመር የዘረጉት መሐንዲሶች ሐዲዱን በባዶ አፈር ላይ አላስቀመጡትም። ከሐዲዱ ሥር አግዳሚ ርብራብ፣ ከርብራቡ ሥር ደግሞ የጠጠር ንጣፍ አለ። በጠባቡ የሐዲድ ብረት ላይ ያረፈው የባቡር ክብደት ወደ ታች በወረደ ቁጥር በሰፊ ቦታ ላይ እየተከፋፈለ፣ አፈሩ ጋ ሲደርስ አፈሩ ሊሸከመው ወደሚችለው መጠን ይቀንሳል።

የሰው ልጅ መኝታም በዚህ ረገድ ከሐዲዱም ሆነ ከግመሉ መዳፍ የተለየ ሥራ የለውም። ሥራው ክብደትን ተቀብሎ ማከፋፈል ነው። ለመሆኑ የሚተኛው ሰው ክብደት 60 ሳይሆን 100 ወይም 120 ኪሎ ግራም ሲሆን ይህ ሥራ እንዴት ይለወጣል? ገዘፍ ያለ ሰውነት ያለው ሰው ፍራሽ ሲገዛ ምን ምን ነገሮችን መመልከት ይኖርበታል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በፊዚክስ መነጽር እንመረምራለን።

ከቁርበት እስከ ስፖንጅ

ሽንሌ በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን የምትገኝ፣ ከድሬዳዋ በስተሰሜን በቅርብ ርቀት ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት። በአካባቢው የአርብቶ አደሩ ተንቀሳቃሽ ቤት በሆነው አቃል ውስጥ መኝታው እንጨት ተረብርቦ፣ በላዩ ላይ ሰሌንና ቁርበት ተነጥፎበት የሚዘጋጅ ነበር። በደጋው አገር ደግሞ የአፈር መደብ፣ አለያም ከጥሬ ቆዳ በተቆረጠ ጠፍር የተጠለፈ የጠፍር አልጋ የብዙዎች መኝታ ሆኖ ኖሯል። ጠፍሩ ሲላላ አልጋው መሐሉ ላይ ይረግባል፤ ባለቤቱም እንደገና ይወጥረዋል። የገለባና የጥጥ ፍራሽ ከዚያ በኋላ ተከታትለው መጥተዋል። «ፍራሽ» የሚለው ቃላችን ራሱ፣ ሶማልኛው «ፉራሽ» እንደሚለው ሁሉ፣ ከዓረብኛው «ፊራሽ» የመጣ ነው።

ዛሬ በድሬዳዋም ሆነ በጅግጅጋ ገበያ በብዛት የሚሸጠው የስፖንጅ ፍራሽ ነው። ስፖንጁ ፖሊዩሬቴን ከተባለ ሰው ሠራሽ ቁስ የሚሠራ ሲሆን፣ የዚህን ቁስ ኬሚስትሪ በ1937 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ውስጥ ያገኘው ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ ናቸው። ለስላሳው ስፖንጅ በስፋት ወደ ገበያ የወጣው ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው።

ይህ ፍራሽ ለአብዛኛው ሰው ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል። ገዘፍ ያለ ሰውነት ላላቸው ወገኖቻችን ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደለም። በዓመቱ፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ ፍራሹ ከዳሌ ሥር ይሰረጉዳል፤ ጠዋት ወገብ ይይዛል፤ ጎን ለጎን የሚተኙ ባልና ሚስት ወደ አንዱ ስርጉድ ይንሸራተታሉ። ሌላ ፍራሽ ይገዛል፤ እርሱም ያንኑ ዕጣ ይከተላል። በመጨረሻም ጥፋቱ የፍራሹ መሆኑ ቀርቶ የተኛበት ሰው ክብደት ይሆንና ባለቤቱ ይሸማቀቃል። በሱቅ ውስጥ ሰው እያየው በፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ለመሞከር ስለሚያፍርም በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ብቻ ገንዘቡን ይከፍላል።

የሚመለከታቸው ሰዎች ቁጥርም ቀላል አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳመለከተው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 8 በመቶ የሚሆኑት፣ በተመሳሳይ ዕድሜ ካሉ ወንዶች ደግሞ 3 በመቶ የሚሆኑት ለቁመታቸው ከሚመከረው በላይ ክብደት ነበራቸው። እነዚህ ሰዎች ክብደት ቀንሱ የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ሲነገራቸው ይሰማሉ። ምክሩ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ሌሊት በምን ላይ እንደሚተኙ ግን አይነግራቸውም። የእንቅልፍ እጦት የረሃብና የጥጋብ ስሜትን የሚቆጣጠሩትን ሆርሞኖች እንደሚያዛባ ጥናቶች ያሳያሉ። ስለዚህ ለጤናው ለሚተጋ ሰውም ቢሆን በቂ እንቅልፍ የትጋቱ አንድ አካል ነው።

ግፊት ማለት ምንድን ነው?

ግፊት ማለት አንድ ኃይል ባረፈበት ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። ለምሳሌ ያህል ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው በጀርባው ተኝቶ ከፍራሹ ጋር የሚነካካው የሰውነቱ ክፍል 0.30 ሜትር ካሬ ነው እንበል። ሰውየው ወደ ታች የሚያሳርፈው ኃይል 588 ኒውተን ያህል ስለሆነ አማካዩ ግፊት 1960 ፓስካል፣ ሐኪሞች በለመዱት መለኪያ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይሆናል። ይኸው ሰው በጠንካራ ወለል ላይ ቢተኛና የሚነካካው ስፋት ወደ 0.10 ሜትር ካሬ ቢወርድ፣ ግፊቱ በሦስት እጥፍ አድጎ 44 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይደርሳል።

አሁን ደግሞ በቁመት ከእርሱ ጋር እኩል የሆነ፣ ነገር ግን 120 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሌላ ሰው እናስብ። ክብደቱ በእጥፍ አደገ፤ ቁመቱ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ በእጥፍ ያደገው የሰውነቱ አግድም ቁርጥ ስፋት ነው ማለት ነው። የአንድ ቅርጽ ስፋት በእጥፍ ሲያድግ ወርዱ የሚያድገው በ2 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ1.41 ያህል ብቻ ነው። ፍራሹን የሚነካው ስፋትም ቁመት ሲባዛ በወርድ በመሆኑ በ1.41 ብቻ ያድጋል። ክብደቱ በ2 ሲባዛ የተሸካሚው ስፋት በ1.41 ብቻ ስለተባዛ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ግፊት በ41 በመቶ ጨመረ ማለት ነው።

ከዚህ ቀላል ስሌት ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ ገዘፍ ያለ ሰው ሰውነቱ በራሱ ሰፋ ያለ በመሆኑ ከችግሩ ከፊሉን ራሱ ያቃልላል፤ ግፊቱ በእጥፍ አላደገም። ሁለተኛ፣ ቀሪውን 41 በመቶ ግን መሸከም የሚኖርበት ፍራሹ ነው። ለ60 ኪሎ ግራም ሰው የተሠራ ፍራሽ ይህን እንዲሸከም አልታሰበም።

በተጨማሪም ክብደታችን በሰውነታችን ላይ እኩል የተከፋፈለ አይደለም። ከጠቅላላው ክብደት ግማሽ ያህሉ ደረትን፣ ሆድንና ዳሌን በያዘው ግንድ ላይ ይገኛል። ሁለቱ እግሮች አንድ ሦስተኛ ያህሉን፣ ሁለቱ ክንዶች 10 በመቶ ያህሉን፣ ራስና አንገት ደግሞ 8 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ። ስለዚህ ፍራሹ ደካማ ሲሆን አስቀድሞ የሚሰምጠው ዳሌ ነው። ዳሌ ሲሰምጥ ትከሻና እግር ከፍ ብለው ይቀራሉ፤ አከርካሪውም እንደላላ የጠፍር አልጋ ይረግባል። ሌሊቱን ሙሉ ተወጥረው ያደሩት የጀርባ ጅማቶችና ጡንቻዎች ጠዋት ላይ የሚሰማውን ሕመም ያስከትላሉ።

ጥንካሬና ድጋፍ አንድ አይደሉም

በገበያችን ውስጥ «ወፍራም ሰው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ፍራሽ ነው የሚያስፈልገው» የሚል አባባል ሥር ሰዷል። አባባሉ ከፊል እውነት አለው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ጠባዮችን ይቀላቅላል። ጥንካሬ ስንል ገና ጋደም እንዳልን የሚሰማንን የላይኛውን ልስላሴ ወይም ክርረት ማለታችን ነው። ድጋፍ ስንል ግን ሰውነት ጥቂት ከሰመጠ በኋላ ፍራሹ «ከዚህ በላይ አትሰምጥም» ብሎ የሚመልሰውን ኃይል ማለታችን ነው። ላዩ ለስላሳ ሆኖ ድጋፉ ብርቱ የሆነ ፍራሽ አለ። ላዩ የከረረ፣ ከስድስት ወር በኋላ ግን የሚሰረጉድ ፍራሽም አለ።

በጎኑ የሚተኛን ሰው እንመልከት። ትከሻውና ዳሌው ከወገቡ ወጣ ያሉ ናቸው። አከርካሪው ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ ትከሻውና ዳሌው ጥቂት ሴንቲ ሜትር መስመጥ፣ ወገቡ ደግሞ ከሥር የሚደግፈው ነገር ማግኘት ይኖርባቸዋል። ድንጋይ በመሰለ ፍራሽ ላይ ትከሻና ዳሌ ብቻ ክብደቱን ሁሉ ይሸከማሉ፤ ወገቡ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል፤ ክንድም ይደነዝዛል።

በ2003 እ.ኤ.አ. ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የስፔን ጥናት ይህን ልማዳዊ አመለካከት ፈትኖታል። ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም የነበረባቸው 313 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ ከፊሎቹ በጠንካራ፣ ከፊሎቹ ደግሞ በመካከለኛ ጥንካሬ ፍራሽ ላይ ለ90 ቀናት እንዲተኙ ተደረገ። በሕመምም ሆነ በዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ የተሻለ ለውጥ ያሳዩት በመካከለኛው ላይ የተኙት ነበሩ።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። «መካከለኛ» የሚለው ቃል የፍራሹ ብቻ ባሕርይ አይደለም፤ የፍራሹና የተኛበት ሰው የጋራ ባሕርይ ነው። ለ60 ኪሎ ግራም ሰው መካከለኛ የሆነ ፍራሽ ለ120 ኪሎ ግራም ሰው ለስላሳ ነው። ለሁለተኛው ሰው መካከለኛ የሚሆነው ፍራሽ ደግሞ ለመጀመሪያው እንደ ሳንቃ የከረረ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ ጎረቤት የወደደውን ወይም ባለ ሱቁ ያሞገሰውን ፍራሽ መግዛት መፍትሔ አይሆንም። ፍራሹ መመዘን ያለበት በሚተኛበት ሰው ሰውነት ነው።

ስፖንጅ ሲጨፈለቅ

ስፖንጅን በአጉሊ መነጽር ብንመለከተው እጅግ በርካታ ጥቃቅን ክፍሎች ያሉት፣ ግድግዳዎቹ ከቀጫጭን ዘንጎች የተሠሩ ቤት ይመስላል። በላዩ ላይ ክብደት ስናሳርፍ በሦስት ደረጃዎች ያልፋል። በመጀመሪያው ደረጃ ዘንጎቹ ጥቂት ይጎብጣሉ፤ ክብደቱን ስናነሣም ወዲያው ይቃናሉ። በሁለተኛው ደረጃ ዘንጎቹ ይታጠፋሉ፤ በክብደቱ ላይ ጥቂት ብንጨምር ስፖንጁ ብዙ ይወርዳል። ምቾት የሚሰማን እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ደረጃ ግን ክፍሎቹ ሁሉ ተደፍጥጠው ግድግዳ ከግድግዳ ጋር ይገናኛል። ከዚህ በኋላ ስፖንጁ ስፖንጅነቱ ይቀርና እንደ ወለል ይከርራል።

ገዘፍ ያለ ሰው ቀጭንና ቀላል በሆነ ስፖንጅ ላይ ሲተኛ ከዳሌው ሥር ያለው ክፍል በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ይወርዳል። ሰውየው «ፍራሹ በጣም ጠንካራ ነው» ሊል ይችላል፤ እውነቱ ግን ፍራሹ በጣም ደካማ መሆኑ ነው። የተሰማው ጥንካሬ የአልጋው ርብራብ ጥንካሬ ነው። እንዲህ በየሌሊቱ የሚደፈጠጡት ዘንጎች ይሰነጠቃሉ፤ ስፖንጁም ወደ ቀድሞ ከፍታው መመለስ ያቅተዋል። ስርጉዱ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን በቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ሰውየው እንደ ልማዱ ይተኛ። ሌላ ሰው መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ በፍራሹና በርብራቡ መካከል፣ ልክ ከዳሌው ሥር ያስገባ። በመዳፉና በተኛው ሰው አካል መካከል ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ያልተደፈጠጠ ስፖንጅ ሊሰማው ይገባል። የሰውየው አካል በቀጥታ መዳፉን የሚጫነው ከሆነ ፍራሹ ሥራውን አቁሟል።

ፍራሹን ሚዛን ላይ እናውጣው

የስፖንጅን ዘላቂነት በእጅ በመጫን ማወቅ አይቻልም። እጅ የሚነግረን ስለ ላይኞቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ብቻ ነው። ስለ ዘላቂነቱ የተሻለ የሚናገረው እፍግታው፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ስንት ኪሎ ግራም ቁስ እንዳለ የሚያሳየው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዘንጎቹ ይወፍራሉ፤ ዕድሜያቸውም ይረዝማል። አንዳንድ አምራቾች ቁጥሩን በፍራሹ ላይ ይጽፉታል። ባይጻፍም ማንም ሰው ሜትርና ሚዛን ካገኘ ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

ርዝመቱ 190፣ ወርዱ 120፣ ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በተለምዶ «ባለ ሜትር ከሃያ» የሚባለውን ፍራሽ እንውሰድ። 1.90 ሲባዛ በ1.20፣ ሲባዛ በ0.20 ውጤቱ 0.456 ሜትር ኩብ ነው። እፍግታው 18 የሆነ ስፖንጅ ከሆነ ክብደቱ 8.2 ኪሎ ግራም፣ 25 ከሆነ 11.4፣ 30 ከሆነ 13.7፣ 35 ከሆነ ደግሞ 16 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሻጩ «ባለ 30 ነው» ያለን ፍራሽ ሚዛን ላይ ወጥቶ ልብሱን ጨምሮ 9 ኪሎ ግራም ብቻ ቢመዝን ከክርክር ሁሉ የበለጠ ማስረጃ በእጃችን አለ። የጨርቅ ልብሱ ክብደት መቀነስ እንዳለበት ግን መዘንጋት የለበትም።

ይህ ዘዴ አንድ ወሰን አለው። ክብደት ለመጨመር ሲባል ስፖንጅ ውስጥ እንደ ኖራ ድንጋይ ዱቄት ያለ መሙያ የሚጨመርበት ጊዜ አለ። መሙያው ሚዛኑን ከፍ ያደርጋል፤ ዘንጎቹን ግን አያጠነክርም። ስለዚህ ከሚዛኑ በተጨማሪ የስፖንጁን ጠርዝ በጣቶች ጨብጦ መልቀቅና ፈጥኖ መመለስ አለመመለሱን ማየት ተገቢ ነው። ጥሩ ስፖንጅ ወዲያው ይመለሳል፤ በመዳፍ ላይም ዱቄት አይተውም።

ክብደቱ ወደ 100 ኪሎ ግራም ለሚጠጋ ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ሰው እፍግታው ቢያንስ 30፣ ቢቻል 35 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ውፍረቱም ከ20 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ስፖንጅ እንመክራለን። ከሁሉ የሚሻለው በሐዲዱ ላይ እንዳየነው በንብርብር የተሠራው ነው፤ ከሥር ብርቱና ጥቅጥቅ ያለ፣ ከላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ለስለስ ያለ ንጣፍ። ይህን ዓይነት ያጣ ሰው ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ ገዝቶ በላዩ ላይ በደንብ የተፈታ ስስ የጥጥ ፍራሽ ቢያነጥፍ ተቀራራቢ ውጤት ያገኛል።

የሞላ ፍራሽስ?

የሞላ ወይም የስፕሪንግ ፍራሽ የሚመራው ሮበርት ሁክ በ1678 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሕግ ነው፤ ሞላ የሚመልሰው ኃይል ከተጨመቀበት መጠን ጋር ተመጣጣኝ ነው። የሞላው ብርታት የሚወሰነው ደግሞ በይበልጥ በሽቦው ውፍረት ሲሆን፣ ከውፍረቱ አራተኛ ኃይል ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ የሽቦው ውፍረት ከ2.0 ወደ 2.4 ሚሊ ሜትር ቢያድግ፣ በዓይን የማይለየው ይህ 20 በመቶ ጭማሪ የሞላውን ብርታት ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። ገዥው ስለ ሞላው ብዛት ብቻ ሳይሆን ስለ ሽቦው ውፍረት መጠየቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ሞላዎቹ እርስ በርስ የታሰሩበት ፍራሽ አንዱ ሲወርድ ጎረቤቱንም ይስባል። እያንዳንዱ ሞላ በየራሱ የጨርቅ ከረጢት የተቀመጠበት ፍራሽ ግን የየቦታውን ክብደት ለየብቻ ይቀበላል። ከባድና ቀላል የሆኑ ባልና ሚስት አብረው የሚተኙ ከሆነ ይህኛው ይሻላቸዋል፤ ወይም በአንድ አልጋ ላይ ለየሰውነታቸው የሚስማሙ ሁለት ጠባብ ፍራሾችን ጎን ለጎን ማንጠፍ ይችላሉ። የጠርዙም ብርታት አይናቅ። ከአልጋ ሲነሣ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ በጉልበቱ የሚገፋ ሰው ጠርዙ ከከዳው ሊወድቅ ይችላል። በዚሁ ምክንያት የአልጋውና የፍራሹ ድምር ከፍታ ከባለቤቱ ጉልበት ጋር ቢስተካከል መልካም ነው።

አልጋውም ይመርመር

ብዙ ጊዜ ፍራሹ ሲወቀስ ጥፋተኛው አልጋው ይሆናል። የእንጨት ርብራብ ጉብጠትን የመቋቋም አቅም ከውፍረቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር ያድጋል፤ ውፍረቱ በእጥፍ ሲያድግ ብርታቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በአልጋው መሐል ርብራቡን የሚደግፍ ወራጅና ወለሉን የሚረግጥ አምስተኛ እግር ቢጨመር ደግሞ የርብራቡ ነጻ ርዝመት በግማሽ ይቀንሳል፤ በየግማሹ መሐል ላይ ለሚያርፍ ለተመሳሳይ ክብደት የሚጎብጠው መጠንም ቀድሞ ከነበረው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ማንኛውም አናጺ በአንድ ቀን የሚሠራው ይህ ማሻሻያ ከአዲስ ፍራሽ ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ወጪ አለው።

በርብራቡ ላይ ኮምፔንሳቶ ማንጠፍም የተለመደ መፍትሔ ነው። ኮምፔንሳቶ የአልጋውን መርገብ ያስተካክላል፤ የተሰበረ ስፖንጅን ግን አይጠግንም። የሚነጠፍ ከሆነም አየር እንዲያልፍ በመሰርሰሪያ ቀዳዳዎች ቢወጡለት ይመረጣል።

የቆላው ሙቀት

በሽንሌና በአካባቢዋ ሌላው ጉዳይ ሙቀት ነው። ተኝቶ ያለ ጎልማሳ ሰውነት ከ70 እስከ 80 ዋት፣ ማለትም እንደ አንድ የቀድሞ ዘመን አምፖል ያህል ሙቀት ያወጣል። ገዘፍ ያለ ሰው ከዚህ ይበልጣል። ሙቀት የሚወጣበት የቆዳ ስፋቱ ግን ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም። ስፖንጅ በውስጡ አየር አምቆ የሚይዝ በመሆኑ ሙቀትን የሚያስተላልፈው እጅግ በዝግታ ነው። ሰውነት ውስጡ በሰመጠ መጠን አየር የሚነካው ቆዳ ይቀንሳል፤ ላብም ይጠራቀማል።

በ1966 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት፣ ለናሳ፣ የተፈለሰፈውና ዛሬ ለፍራሽ የሚያገለግለው ቅርጽ አስታዋሽ ስፖንጅ በተለይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ይህ ስፖንጅ በሙቀት የሚለሰልስ ስለሆነ፣ ቀዝቃዛ በሆነ ከተማ መካከለኛ የነበረው በቆላ ሌሊት የሚያሰምጥ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ከተሞች አየር የሚዘዋወርበት የሞላ ፍራሽ፣ ወይም የጥጥ ንጣፍ ያለው ጥቅጥቅ ስፖንጅ ተመራጭ ነው።

አዲስ ፍራሽ የመጣበትን ላስቲክ «እንዳይቆሽሽ» በሚል ሳያወልቁ መተኛትም በብዙ ቤቶች የሚታይ ልማድ ነው። ላስቲኩ ላብንና እርጥበትን ያፍናል፤ ቆዳን ያቆስላል፤ ስፖንጁንም ያሻግታል። ላስቲኩ ይውለቅ፤ በምትኩ የሚታጠብ የጥጥ ልብስ ይልበስ። ፍራሹን ማናፈስ ተገቢ ነው፤ ራቁቱን ስፖንጅ ለፀሐይ ማስጣት ግን ጨረሩ ቁሱን አቢጫ አድርጎ ስለሚያፈረፍረው በጥላ ሥር ይሁን።

አልጋ ላይ ለሚውሉ ሕሙማን

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ምቾትና ስለ ወገብ ሕመም ነው። በስትሮክ፣ በስብራት ወይም በሌላ ሕመም አልጋ ላይ ለሚውል ሰው ግን ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል። በ1930 እ.ኤ.አ. ላንዲስ የተባለ ተመራማሪ ባደረገው ልኬት በቀጫጭን የደም ሥሮች መግቢያ ላይ ያለው ግፊት በአማካይ 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። ከውጭ የሚጫነው ግፊት ከዚህ በልጦ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ደም ወደ ሥጋው መድረስ ያዳግተዋል፤ ቁስልም ይጀምራል። ቀደም ሲል ያሰላናቸው ቁጥሮች አማካይ መሆናቸውን እናስታውስ፤ በዳሌ አጥንት፣ በጅራት አጥንትና በተረከዝ ላይ ያለው ግፊት ከአማካዩ ብዙ ይበልጣል።

ገዘፍ ያለ ሕመምተኛን ማገላበጥ ለቤተሰብ አድካሚ በመሆኑ በአንድ ጎን ብዙ ሰዓት የሚቆይበት አጋጣሚ ይበዛል። ስለዚህ ጥሩ ፍራሽ ቢኖርም በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ፣ ተረከዝን ከፍራሹ ከፍ የሚያደርግ ትራስ ከባት ሥር ማስገባት፣ ቆዳውንም በየዕለቱ መመልከት ያስፈልጋል። በእጅ ሲጫኑት የማይጠፋ ቅላት ወይም ጥቁረት የቁስል መነሻ ምልክት ነውና ወደ ጤና ባለሙያ መሄድ ይገባል።

በተመሳሳይ ሁኔታ ሌሊት በኃይል እያንኮራፋ መሐል ላይ ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ ቀን ደግሞ እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። በጎን መተኛት አንዳንዶችን ይረዳቸዋል፤ በጎን ለመተኛት የሚያመች ፍራሽም ይደግፋል። ሕመሙን ግን ፍራሽ አያድነውም።

ከመግዛታችን በፊት

ከላይ የተዘረዘረውን ስናጠቃልል ገዥው የሚከተሉትን ቢያደርግ እንመክራለን።

1. ከቤት ሲወጣ ሜትር ይያዝ፤ የፍራሹን መጠን ለክቶ፣ በሚዛን መዝኖ እፍግታውን ያስላ።

2. በፍራሹ ላይ እንደ ልማዱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይተኛ። አብሮት የሄደ ዘመድ ከኋላ ሆኖ ከማጅራቱ እስከ ጅራት አጥንቱ ያለው መስመር ቀጥ ማለቱን ይመልከት። መሐሉ ወደ ታች ከረገበ ፍራሹ ደካማ ነው፤ ወገቡ ሥር እጅ እንደ ልብ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ የከረረ ነው።

3. ከተገላበጠ ያለ ብዙ ትግል መገላበጥ መቻሉን፣ ጠርዙ ላይ ከተቀመጠም ጠርዙ አለመክዳቱን ይፈትን።

4. ቤት ከገባ በኋላ በየሦስት ወሩ ራስጌውን ወደ ግርጌ ያዙር። በዓመት አንድ ጊዜ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ክር ወጥሮ በማስመሪያ ስርጉዱን ይለካ። ማንም ሳይተኛበት ስርጉዱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ፍራሹ ዕድሜውን ጨርሷል።

በሱቅ ውስጥ ጋደም ማለት የሚያሳፍር ነገር ተደርጎ መታየቱ መቅረት ይኖርበታል። ጫማ ሳይለካ የሚገዛ የለም። ፍራሽ ሻጮችም አንድ የመሞከሪያ አልጋ ከመጋረጃ ጀርባ ቢያዘጋጁ ደንበኞቻቸውን ያከብራሉ፤ ገበያቸውንም ያሰፋሉ። በሽንሌና በአካባቢዋ ያሉ ትምህርት ቤቶች የፊዚክስ መምህራንም ይህን ጉዳይ የክፍል ሙከራ ሊያደርጉት ይችላሉ። ጥቂት የስፖንጅ ቁራጮች፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ማስመሪያና በውሃ የተሞሉ ጀሪካኖች ይበቃሉ። ተማሪዎቹ የሦስቱን ደረጃዎች መስመር በራሳቸው እጅ ሲስሉት የእናታቸው ወገብ ለምን እንደሚያማት ለመጠየቅ ይነሣሣሉ።

ዋጋን በሚመለከት አንድ የመጨረሻ ስሌት እናቅርብ። የፍራሽን ውድነት የሚናገረው የተከፈለበት ገንዘብ በአገለገለባቸው ሌሊቶች ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። በአንድ ዓመት የሚሰረጉድ ፍራሽ 365 ሌሊት ያገለግላል። ዋጋው በእጥፍ የሚበልጥና ስድስት ዓመት የሚቆይ ፍራሽ 2190 ሌሊት ያገለግላል፤ የአንዱ ሌሊት ዋጋም የመጀመሪያው አንድ ሦስተኛ ይሆናል። ርካሹን እየደጋገመ ሲገዛ የኖረው ሰው በገንዘቡም በወገቡም ሁለት ጊዜ ከፍሏል ማለት ነው።